ሜዳ ላይ ሙቀት የመታውን ሰው በሸራ፣ በውሃና በበረዶ እንዴት እናቀዝቅዘው (አምቡላንስ እስኪመጣ አትጠብቁ)

የጁላይ ቶርናመንት ደርሷል፣ ቡድኖች ማልያ እያሳተሙ፣ ሆቴል እየያዙ ነው፣ እኔ ደግሞ ነርስ ነኝ፣ ኳሱንም እወዳለሁ፣ አንድ ነገር ልለምናችሁ፦ ከማልያው ጋር አንድ ሸራ ግዙ። ሀርድዌር ስቶር የሚሸጠውን ሰማያዊ ወይ ቡናማ የፕላስቲክ ሸራ ማለቴ ነው፣ ዝናብ እንዳይገባ ዕቃ የሚሸፈንበትን። የኢትዮጵያውያን ስፖርት ፌዴሬሽን በሰሜን አሜሪካ ከ1984 ጀምሮ በየዓመቱ የሚያዘጋጀው ውድድር የሚውለው የአሜሪካ ሙቀት በሚከፋበት በጁላይ መጀመሪያ ነው፣ እሁድ እሁድ ቨርጂኒያና ሜሪላንድ የምንጫወተውም ኳስ ያው በጋውን ሙሉ ነው፣ እና አንድ ልጅ ሙቀት መትቶት (ሂት ስትሮክ የሚባለው) ሲወድቅ አብዛኛው ሰው የሚያደርገው 911 ደውሎ፣ ጥላ ስር አስተኝቶ፣ በኮፍያ እያራገበ መጠበቅ ነው። ይሄ አይበቃም። አምቡላንሱ እስኪመጣ ማቀዝቀዝ ያለባችሁ እናንተ ናችሁ።

ምክንያቱን ልንገራችሁ። ሰው በሙቀት ሲሮጥ ጡንቻው ራሱ ሙቀት ያመርታል፣ ላብ ያንን ማውጣት ሲያቅተው የውስጥ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሴልሺየስ ያልፋል፣ ከዛ አንጎል፣ ጉበት፣ ኩላሊት፣ ጡንቻ ሁሉም መጎዳት ይጀምራል። ጉዳቱን የሚወስነው ስንት ዲግሪ ደረሰ የሚለው ብቻ አይደለም፣ እዛ ላይ ስንት ደቂቃ ቆየ የሚለው ነው ዋናው። በወደቀ በ30 ደቂቃ ውስጥ ከ39 በታች ካወረዳችሁት ብዙውን ጊዜ ድኖ ቤቱ ይገባል። ማሳቹሴትስ ውስጥ ፋልማውዝ የሚባል በኦገስት የሚካሄድ የ7 ማይል ሩጫ አለ፣ በ18 ዓመት ውስጥ 274 ሰው በዚህ ነገር ተመቶባቸው ሁሉንም እዛው መጨረሻው መስመር ላይ በረዶ ውሃ በሞላ ገንዳ ውስጥ ነክረው አንድም ሰው አልሞተባቸውም። ወዲህ እኛ ሰፈር ሜሪላንድ ደግሞ በ2018 የዩኒቨርሲቲው የአሜሪካን ፉትቦል ተጫዋች የ19 ዓመቱ ጆርዳን ማክኔር ልምምድ ላይ ሙቀት መትቶት ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ሳይገባ ቀርቶ ከሁለት ሳምንት በኋላ ሞተ፣ ዩኒቨርሲቲው ራሱ ጥፋቱን አምኖ ኃላፊነት ወስዷል። ሐኪምና ገንዘብ ያለበት ቦታ እንዲህ ከሆነ ሸራና በረዶ ይዞ መሄድ ለኛ እንዴት ይብዛብን?

መኪና ውስጥ መግባት ያለበት ዕቃ

ሸራው 8 በ10 ጫማ ይሁን (ሁለት ሜትር ተኩል በሦስት ሜትር ገደማ)፣ ወፈር ያለውን ግዙ፣ ቀጭኑ ውሃ ይዞ ጫፉን ስትስቡት ይቀደዳል። ባለ 5 ጋሎን ባልዲ አራት። ፎጣ አስራ ሁለት አካባቢ፣ አሮጌ ቢሆንም ችግር የለውም፣ ሁለት አንሶላ፣ አንድ መቀስ። በረዶ ጋዝ ስቴሽን ከሚሸጠው ባለ 20 ፓውንድ ከረጢት ቢያንስ አራት፣ እሱም ለብቻው ኩለር ውስጥ፣ ክዳኑ ላይ በማርከር «ለድንገተኛ ብቻ» ተብሎ ተጽፎበት። ይሄን አጥብቄ የምናገረው የመጠጡና የድንገተኛው በረዶ አንድ ላይ ከሆነ ሁለተኛው አጋማሽ ሳይጀመር ቢራና ሶዳ ማቀዝቀዣ ሆኖ ስለሚያልቅ ነው፣ ሁሌም እንደዛ ነው የሚሆነው።

ጨዋታው ሳይጀመር ባልዲዎቹን ሞልታችሁ ጥላ ስር አስቀምጧቸው። አራት ባልዲ 75 ሊትር ገደማ ነው፣ ይሄ ትንሹ መጠን ነው፣ እጥፍ ካገኛችሁ ደግሞ በጣም ጥሩ። ሜዳው ላይ ቧንቧና ጎማ ካለ እሰየው፣ ግን ጸሐይ ላይ ተዘርግቶ የዋለ ጎማ መጀመሪያ የሚያወጣው ውሃ ያቃጥላል፣ ቀዝቃዛው እስኪመጣ ሳሩ ላይ አፍስሱት እንጂ ቀጥታ ሰው ላይ እንዳታዞሩት።

አንድ ሌላ ነገር፣ የሜዳውን ትክክለኛ አድራሻና አምቡላንስ የሚገባበትን በር አንድ ሰው ስልኩ ላይ ይጻፈው። ትልቅ ፓርክ ውስጥ «ሜዳ ቁጥር 6» ማለት ለ911 ምንም ማለት አይደለም።

ሙቀት የመታው መሆኑን በምን ታውቃላችሁ

ሁለት ነገር አብሮ ሲመጣ ነው፦ በሙቀት ሲሮጥ የነበረ ሰው፣ እና ልክ ያልሆነ አእምሮ። ይወላገዳል፣ ኳሱን ለተቃራኒ ቡድን ያቀብላል፣ ይቀባጥራል፣ ረጋ ያለ የምታውቁት ልጅ ድንገት ዳኛውን ሊደባደብ ይነሳል፣ ያስመልሰዋል፣ ይወድቃል፣ አንዳንዴ ይንቀጠቀጣል። አጠገቡ ሂዱና ጠይቁት፣ ስንት ለስንት ነን? ከማን ጋር ነው የምንጫወተው? የት ከተማ ነው ያለነው? መልሱ ከተምታታ ጨዋታው ለሱ አልቋል፣ «ደህና ነኝ ልቀቁኝ» ቢልም አትስሙት፣ ደህና ነኝ የሚለው ያው የተምታታው አእምሮው ነው።

«ላብ አለው እኮ፣ ሙቀት የመታው ሰው ቆዳው ደረቅ ነው የሚሆነው» የሚል ሰው ሁሌ አይጠፋም። ደረቅ ቆዳ በብዛት የሚታየው ቤት ውስጥ ሙቀት ላይ የዋሉ አዛውንቶች ላይ ነው። ሲሮጥ የወደቀ ሰው ብዙ ጊዜ በላብ የራሰ ነው፣ ቆዳውም ስትነኩት ቀዝቀዝ ሊል ይችላል፣ ውስጡ ግን 41 ዲግሪ ነው። በግንባር የሚለካውን ቴርሞሜትርማ ጭራሽ ተዉት፣ በብብትም በጆሮም በአፍም የሚለካው እንደዛው፣ ላብና ንፋስ ያሳስተዋል፣ 38 ብሎ ሊያዘናጋችሁ ይችላል። ትክክለኛው በፊንጢጣ የሚለካው ብቻ ነው፣ እሱም የሰለጠነ ሰው ካለ ሰውየው ተሸፍኖ ክብሩ ተጠብቆ ይደረግ፣ ከሌለ ግን ቁጥር ፍለጋ አንድ ደቂቃ እንዳታባክኑ፣ አእምሮው ከተምታታ ማቀዝቀዝ ጀምሩ።

ጡንቻው ተኮማትሮ የሚጮህ ወይም ደክሞት የተቀመጠ ግን በደንብ የሚያወራ ሰው ሌላ ነው፣ እሱን ጥላ፣ ውሃና እረፍት ይበቃዋል፣ ዓይናችሁን ግን ከሱ አትንቀሉ። የማይተነፍስ ከሆነ ደግሞ ጉዳዩ ልብ ነው፣ ደረቱን መጫን ጀምሩ፣ ኤኢዲ (ልብን በኤሌክትሪክ የሚያስነሳውን መሣሪያ) አምጡ፣ በተለይ በአንጋፋዎቹ ጨዋታ ላይ ሃምሳ ያለፉ ጋሼዎች ሲወድቁ መጀመሪያ የሚታየው ትንፋሽ ነው። የስኳር በሽተኛ ከሆነና መለኪያ በእጅ ካለ አንዱ ጣቱን ይለካው፣ ሌላው ግን ውሃውን እያፈሰሰ።

አሁን ሥራው

አንድ ሰው ብቻ ይዘዝ። ቡድኑ ውስጥ ድምፁ የሚሰማ፣ የማይደናገጥ ሰው አስቀድማችሁ ምረጡ፣ ምክንያቱም ሃምሳ ሰው ከቦ ሁሉም ሲያዝ ማንም ምንም አይሠራም። አንዱ 911 ይደውል፣ «ሂት ስትሮክ ነው፣ ራሱን አያውቅም፣ በረዶ ውሃ ውስጥ እያቀዘቀዝነው ነው» ይበል። አንዱ መኪና መግቢያው ላይ ቆሞ አምቡላንሱን ይቀበል። ለሸራው አምስት ሰው ይበቃል፣ ሦስትም ቢሆን ይቻላል።

ታኬታውን፣ ካልሲውን፣ የእግር መከላከያውን፣ ማልያውን አውልቁ፣ እምቢ ካለ በመቀስ ቅደዱት፣ ቁምጣው ይቅርለት። ሸራውን ከጎኑ ዘርጉና ግማሹን ጠቅልላችሁ ወደ ጀርባው አስጠጉ፣ እሱን ወደ ጎን ገልበጥ አድርጉት፣ ጥቅሉን ከስሩ ግፉት፣ መልሳችሁ በጀርባው አስተኙት፣ ከዛ ጥቅሉን በሌላኛው በኩል ሳቡት። ሆስፒታል በሽተኛ ተኝቶ አንሶላ የምንቀይረው በዚሁ ዘዴ ነው፣ ሁለት ሰው ግማሽ ደቂቃ ውስጥ ይጨርሰዋል።

ቀጥሎ የሸራውን ጫፎች ዙሪያውን ከፍ አድርጉ፣ ገንዳ ይሆናል። ሰውየውን ማንሳት የለባችሁም፣ የሱንም የውሃውንም ክብደት መሬቱ ይሸከማል፣ የናንተ ሥራ ጠርዙን መያዝ ነው። በእግሩ በኩል ያለውን ጠርዝ አትርሱት፣ ውሃው መጀመሪያ አምልጦ የሚፈሰው በዛ ነው። አንድ ሰው ከጭንቅላቱ በስተኋላ ይንበርከክ፣ ፎጣ ጠቅልሎ በደረቱ ላይ በሁለቱ ብብቶች ስር አሳልፎ ይያዘው፣ ጭንቅላቱና አፉ ሁሌ ከውሃው በላይ ይሁኑ፣ ይሄ ሰው ሌላ ምንም ሥራ የለውም፣ ትንፋሹን ማየትና በስሙ እየጠራ ማናገር ብቻ። ካስመለሰው ወዲያው ወደ ጎን ያዙሩት።

ባልዲዎቹን ከደረቱ ጀምሮ አፍስሱ፣ በረዶውን ጨምሩ፣ ራሱ ላይ ደግሞ በረዶ ውሃ የነከረ ፎጣ። አሁን ማወዛወዝ ጀምሩ፣ በቀኝ ያሉት ከፍ ሲያደርጉ በግራ ያሉት ዝቅ፣ ከዛ በተራ፣ ውሃው በሰውነቱ ላይ እየተመላለሰ። ይሄ ማወዛወዝ ቀላል ነገር አይምሰላችሁ፣ ዝም ካለ ውሃ ውስጥ ቆዳው አጠገብ ያለው ውሃ ወዲያው ይሞቅና እንደ ብርድ ልብስ ይሸፍነዋል፣ ስታንቀሳቅሱት ግን ያ የሞቀው ይሄድና ቀዝቃዛ ይተካል። በረዶው ሲቀልጥ ጨምሩ።

ይጮሃል፣ ይታገላል፣ «ሞትኩ በረደኝ» ይላል፣ ዘመድ ካለ «ልጁን በበረዶ ገደላችሁት» ብሎ ሸራውን ሊቀማችሁ ይመጣል። ጠንከር በሉ። «ድንገት በረዶ ውስጥ ማስገባት ደም ስሩን ያጠብበዋል፣ ይብስበታል» የሚባለውን ስጋት ሰው ሁሉ ሰምቶታል፣ ግን ሮጦ ሙቀት የመታውን ወጣት በረዶ ውሃ ውስጥ ነክሮ ማቀዝቀዝ በሺህ የሚቆጠሩ ሯጮችና ወታደሮች ላይ ተሠርቶበት ከሁሉም ፈጣኑ መሆኑ የታወቀ ነው። መንቀጥቀጥ ቢጀምርም አእምሮው ካልተመለሰ አታቁሙ።

መደረግ የሌለበትን በአጭሩ ልበል። አእምሮው ላልተስተካከለ ሰው ውሃም፣ ጁስም፣ ስኳር በውሃም በአፉ አትስጡት፣ ሳንባው ይገባል። ክብሪት ጭራችሁ አታሽትቱት። ፓራሲታሞል፣ አስፕሪን፣ አይቡፕሮፈን አትስጡ፣ ይሄ እንደ ኢንፌክሽን ትኩሳት አይደለም፣ መድኃኒቱ ሙቀቱን አያወርደውም፣ የተጎዳ ጉበቱንና ኩላሊቱን ግን ይጎዳበታል።

መቼ ይቁም

የጀመራችሁበትን ሰዓት አንዱ ይያዝ። ሙሉ ገንዳ በረዶ ውሃ በ5 ደቂቃ 1 ዲግሪ ገደማ ያወርዳል፣ ሸራው ትንሽ ዘገም ይላል፣ በ6 ወይ 7 ደቂቃ 1 ዲግሪ በሉት። ስለዚህ 41.5 የነበረ ሰው 39 ለመድረስ 15 እስከ 18 ደቂቃ ይፈልጋል። በፊንጢጣ የሚለካ ካለ 38.9 ሲደርስ አውጡት፣ በፋራናይት 102 ማለት ነው፣ ከዛ በታች በበረዶ መቀጠል ከመጠን በላይ ያቀዘቅዘዋል። መለኪያ ከሌለ 15 ደቂቃ ያህል ቀጥሉ፣ ከዛ በፊት አእምሮው ሙሉ በሙሉ ተመልሶ ጥርሱ እየተንቀጫቀጨም ቢሆን በትክክል ማውራት ከጀመረ አውጥታችሁ አንሶላ ጣል አድርጉበት፣ መልሶ መቀባጠር ከጀመረ መልሱት።

አምቡላንሱ መሃል ላይ ከደረሰ ምን ይሁን? በስፖርት ሕክምና የሚታወቀው መመሪያ መጀመሪያ አቀዝቅዝ፣ ከዛ አጓጉዝ ነው፣ እና በትህትና «ከጀመርን ስምንት ደቂቃ ነው፣ ጥቂት እንጨርስ» በሏቸው፣ ብዙዎቹ ያውቁታል። አይሆንም ካሉ አትጣሉ፣ እርጥብ ፎጣዎቹን ከነበረዶው አስይዟቸው፣ ኤሲውን ከፍ አድርጋችሁ መንገድ ላይ ቀጥሉበት በሏቸው። አሪዞና ፊኒክስ ያሉት የእሳት አደጋ ሠራተኞች ከ2024 ጀምሮ ዚፕ ያለው ውሃ የማያስወጣ ትልቅ ከረጢት ይዘው ይዞራሉ፣ ሰውየውን ከነውሃውና ከነበረዶው ውስጡ ይዘጉበታል፣ ፊቱ ብቻ ውጪ ሆኖ፣ እያቀዘቀዙ ይነዳሉ። ቶርናመንት አዘጋጅ ከሆናችሁ እንዲህ ያለውን አንድ ሁለት መግዛት ተገቢ ነው፣ ግን ውስጡ ያለው ውሃ ስለማይንቀሳቀስ ከሸራው ይዘገያል፣ ከውጪ በእጃችሁ በረዶውን እግሩና ክንዱ ላይ እያሻሻችሁ አንቀሳቅሱት።

ሸራ ከሌለ፣ ወይ ሰው ካነሰ

ፎጣና አንሶላ። የአሜሪካ ጦር ማሰልጠኛዎች ላይ አንሶላ በረዶ ውሃ ኩለር ውስጥ ተነክሮ ዝግጁ ይቆያል። ራሱን፣ ደረቱን፣ ሆዱን፣ ክንዱን፣ ጭኑን ሁሉ ሸፍኑ፣ እና በየ2 በየ3 ደቂቃው ቀይሩ፣ የሞቀውን ወደ ኩለሩ መልሱ፣ ሌላ አውጡ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚች ጋ ነው፣ አልብሶ ይተወዋል፣ የሞቀ ፎጣ ደግሞ ሙቀት ይይዛል እንጂ አያወጣም። አንገት፣ ብብትና ብሽሽት ላይ ብቻ በረዶ ማስቀመጥ የሚባለው በጣም የታወቀው ዘዴ ለብቻው ደካማ ነው፣ ከሌላው ጋር ጨምሩት እንጂ እሱን አድርገናል ብላችሁ አትቀመጡ።

ውሃ ረጭቶ ማራገብ አየሩ ደረቅ በሆነበት ላስ ቬጋስ ወይም ሪያድ ጥሩ ይሠራል፣ ወበቅ ባለበት ሂውስተን፣ ጅዳ ወይም ዱባይ ግን ውሃው አይተንም፣ ስለዚህ ሰውነቱ አይቀዘቅዝም።

ባሕረ ሰላጤው አገር ግንባታ ላይ ወይ በረሃ ከብት የምትጠብቁ ወንድሞች፣ በበጋ ጣሪያ ላይ ካለው ታንከር የሚወርደው «ቀዝቃዛ» ውሃ ራሱ ትኩስ ነው፣ ሰው ላይ አታፍስሱት። የመጠጥ ውሃ ኩለሩን ተጠቀሙ፣ በቃላ (የሰፈር ሱቅ) ሄዶ በረዶ የሚያመጣ ሰው ላኩ፣ ካምፕ ውስጥ ከሆናችሁ ደግሞ ቦይለሩ ጠፍቶ የሰነበተ ከሆነ ውስጡ ያለው ውሃ ከጣሪያው ይሻላል፣ ኤሲ ክፍል ውስጥ በእርጥብ አንሶላና በማራገቢያ ቀጥሉ። ስልኩ ሳዑዲ 997፣ ኤምሬትስ 998፣ ኳታር 999።

አገር ቤት መተማና ሁመራ ከደጋ ወርዶ ሰሊጥ የሚያርመው ወጣት ሲወድቅ በረዶ ከየት ይመጣል? አይመጣም፣ ግን የግድ በረዶ አያስፈልግም። እስከ 26 ዲግሪ የደረሰ ውሃም ሰውን መንከሩ ያቀዘቅዛል፣ ቀስ ይላል እንጂ። ያው ሸራ (ሰሊጡ የሚወቃበት ሸራ መቼም አይጠፋም)፣ ከጉድጓድ ወይ ከቦቴ የተቀዳ ውሃ፣ ማወዛወዝ፣ ከላይ ማራገብ። ጥልቀት የሌለው ወራጅ ውሃ አጠገብ ከሆናችሁ እዛው አስተኝታችሁ ጭንቅላቱን ያዙ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው፣ ሩቅ ከሆነ ግን መኪና እስኪገኝ ያለውን ጊዜ በሙሉ ማቀዝቀዝ ላይ አውሉት።

ከመውደቁ በፊት ማየት ያለባችሁ

ከሲያትል፣ ከዴንቨር፣ ከሚኒሶታ ተነስቶ ዳላስ ላይ በማግስቱ የሚጫወት ልጅ ሰውነቱ ሙቀቱን አልለመደም፣ ለመልመድ ከ7 እስከ 14 ቀን ይፈልጋል፣ ስለዚህ አሰልጣኞች ቶሎ ቶሎ ቀይሩት። ሌሊቱን ሲጠጣና ሲጨፍር ያደረ፣ ተቅማጥ ወይ ጉንፋን ያለበት፣ ጫት የቃመ ወይም ኢነርጂ ድሪንክ የደራረበ፣ እነዚህ ቤንች ላይ ይቀመጡ። እና ደግሞ የሐዋርያት ጾም እስከ ሐምሌ 4 (ጁላይ 11) ስለሚቆይ የጁላይ 4 ጨዋታ ጾሙ ውስጥ ነው የሚውለው፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ ሳይቀምስ የሚውል ተጫዋች ካለ በፍቅር ጠይቁት፣ ጨዋታውን ከጾሙ ሰዓት በኋላ የሚሆንበትን መንገድ ፈልጉለት፣ ካልተቻለ ይረፍ።

ከዛ በኋላ

ተነስቶ ቢስቅም ሆስፒታል መሄድ ግዴታው ነው። ጉበቱ፣ ኩላሊቱና ጡንቻው የተጎዳ መሆኑ በደም ምርመራ ነው የሚታየው፣ አንዳንዱ በማግስቱና በሦስተኛው ቀን ነው የሚወጣው። ሽንቱ ቀይ ሻይ ከመሰለ፣ ወይ ሽንት ከቀነሰ፣ ወይ ዓይኑ ቢጫ ከሆነ ተመልሶ ይሂድ። ከሆስፒታል ከወጣ በኋላ ቢያንስ 7 ቀን ምንም ስፖርት የለም፣ ከዛ ደሙ ታይቶ ሐኪም ሲፈቅድ መጀመሪያ በቀዝቃዛ ሰዓት ቀላል እንቅስቃሴ፣ ቀስ እያለ ነው ወደ ሙቀቱ የሚመለሰው። ፍጻሜው ጨዋታ ቅዳሜ ነው ብሎ ቢለምናችሁም፣ ጎል አግቢያችሁ እሱ ብቻ ቢሆንም፣ የሐኪም ወረቀት ሳያመጣ ማልያ አትስጡት።